የሞላው ፊቴና የሳሳው ጭኔ

ወሎ ውስጥ ታሞ የተነሣ ሰው ሲገኝ ከሰላምታው ቀድሞ የሚታየው ጉንጩ ነው። ጉንጩ ጎድጎድ ካለ «አብሽር፣ ገና ነው» ይባልና ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ከሞላ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ! ሰው ሆነ!» ተብሎ ምርቃቱ ይወርዳል። ኩላሊት ተተክሎልኝ ደሴ ከተመለስሁ ወዲህ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያልመረቀኝ የለም። አማረብህ፣ ተመቸህ፣ ኩላሊቱ ተስማማህ። በምሠራበት ባንክ ደንበኞች ብራቸውን ከመቁጠራቸው በፊት ፊቴን ያጠናሉ። አንዲት የሰፈራችን እናት ደግሞ ነገሩን በራሳቸው መንገድ ደምድመውታል፦ «የእህትህን ኩላሊት አይደል የሰጡህ? የሴት ኩላሊት እኮ ያወፍራል።»

የምርቃት መልሱ አሚን ነው፤ እኔም አሚን እላለሁ። ከሞት ደጅ መመለሴም ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ እነሱ የሚያዩት ሙላት የሚያስቡት ዓይነት ሙላት አይደለም። የተመለሰው ኪሎዬ ነው፤ ጡንቻዬ ገና መንገድ ላይ ነው። የሁለቱን ልዩነት መጀመሪያ ያሳየኝም ሐኪም ሳይሆን ልብስ ሰፊ ነው።

አራዳ ውስጥ ለብዙ ዘመን ልብሴን የሚሰፋልኝ ሰው አለ። ከመታመሜ በፊት የምለብሳቸው ሱሪዎች ቁልፋቸው አልገናኝ ስላለ እንዲያስተካክልልኝ ይዤለት ሄድሁ። አንዱን አስለብሶ መስታወቱ ፊት አቆመኝ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቤን ለካና ቁጥሩን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጭኔ ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሳበው። ጨርቁ እሺ ብሎ ተከተለው። ሌላኛውንም ሳበ፤ ያው ነው። የመርፌ ቁልፉን በከንፈሩ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ሱሪ በእርግጥ የእርስዎ ነው?»

የእኔ ነው አልሁት።

«እንግዲያው ወገቡ ሊለቀቅ፣ ጭኑ ሊጠብ ነው ማለት ነው። ሰው ወፍሮ ይመጣል፣ ከስቶ ይመጣል፤ ሁለቱንም ሆኖ የመጣ ግን አላጋጠመኝም።»

ብዙም ሳይቆይ ለክትትል ስሄድ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ያሳየው ኪሎ ከመታመሜ በፊት የነበረኝን ነው። ነርሷ «በጣም ጥሩ» ብላ መዘገበችው። ክብደትን ከቁመት ጋር አመዛዝኖ የሚገኘውም ቁጥር ከጤነኛ ሰው የሚለይ አልነበረም። ባንክ ለሚሠራ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሁለት መዝገቦች ጠቅላላ ድምራቸው እኩል ሆኖ አንደኛው በጥሬ ገንዘብ፣ ሌላኛው በማይሰበሰብ ብድር የተሞላ ሊሆን ይችላል። ድምሩን ብቻ አይቶ የሚፈርም ተቆጣጣሪ ወዮለት።

ሚዛን የማይለየውን የሚለዩ መሣሪያዎች አሉ። ዴክሳ የሚባለው ሁለት ዓይነት ጉልበት ያለው የኤክስሬይ ጨረር አሳልፎ አጥንትን፣ ስብንና ቀሪውን ሥጋ ለየብቻ ያሰላል። ሌላው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት በሰውነት ውስጥ የሚሰድ ነው፤ ጡንቻ ብዙ ውሃ ስላለው ፍሰቱን ያሳልፋል፣ ስብ ግን ይገታዋል። ይህኛው ግን እግሩ ያበጠን ሰው ሲለካ የተጠራቀመውን ውሃ ጡንቻ ነው ብሎ ይሳሳታል። እኔ ሁለቱንም ሳላይ ነው ልብስ ሰፊው በሜትሩ የጨረሰው። የወገብን ዙሪያ መለካት ለሐኪምም ቢሆን የሚናቅ ነገር አይደለም፤ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ከሁሉም የከፋው ነውና።

ጡንቻዬ የሄደው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ብዙ ሰው ኩላሊት ሥራው ሽንት ማውጣት ብቻ ይመስለዋል፤ እኔም ከዚያ የተለየ አላውቅም ነበር። ኩላሊት ከደም ውስጥ አሲድን ጭምር ያስወግዳል። ሲደክም አሲዱ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው አሲድ ደግሞ በጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ያለውን ፕሮቲን የሚያፈርሰውን ሥርዓት ይቀሰቅሳል። ጡንቻን ከሚገነቡት ሆርሞኖች አንዱ ኢንሱሊን ነው፤ በታማሚው ሰው ሰውነት ውስጥ የእሱም ትእዛዝ እንደ ቀድሞው አይሰማም። የማያቋርጥ መለስተኛ የሰውነት መቆጣትም አለ። በዚህ ሁሉ ላይ አፍ ይበላሻል። ምራቄ ብረት ብረት ይለኝ ነበር፤ የሥጋ ሽታ ከጎረቤት ቤት ሲመጣ መስኮት አስዘጋ ነበር። የምበላው ባነሰ ቁጥር ሰውነቴ የራሱን ሥጋ ይበላል።

በማሽን የሚደረገው የኩላሊት እጥበት ሲጀመር ሞት ይቆማል፤ የጡንቻው መክሳት ግን አይቆምም። ደሙ በማጣሪያው ሲያልፍ ከቆሻሻው ጋር የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶችም ያመልጣሉ፤ በአንድ እጥበት ከ6 እስከ 12 ግራም ይሆናሉ። የተለመደው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ነው። አገራችን ውስጥ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡ ስለማይበቃው ሁለት ጊዜ ያደርጋል፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርሁ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ከማሽኑ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ማሽኑ እመላለስ ነበር። የማይንቀሳቀስ ጡንቻ ደግሞ ሳይታመምም ይከሳል።

የሚያስቀው፣ ያኔም «ትንሽ ሥጋ ያዝህ» ያሉኝ ጠያቂዎች ነበሩ። ያዩት ውሃ ነው። ሽንት የማይሸና ሰው የጠጣው ሁሉ ፊቱና እግሩ ላይ ይቀመጣል። የእጥበት ባለሙያዎች ትርፍ ውሃው ሲወጣ የሚቀረውን ኪሎ «ደረቅ ክብደት» ይሉታል። የእኔ ደረቅ ክብደት በየወሩ ዝቅ ሲል እኔም ባለቤቴም አይተናል፤ እሷ ለሌላ ሰው አልተናገረችም።

ከዚያ እህቴ መጣች። ታላቄ ናት፤ ሐይቅ አቅራቢያ ተሁለደሬ ገጠር ውስጥ የምትኖር ገበሬ ናት። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በፈረንጆች 2015 ነው፤ ከዚያ በፊት የቻለ ሰው ወደ ህንድና ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር። ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ መሆን ነበረበት። ማን ይሰጣል የሚለው ጉዳይ በቤተሰብ ሲነሣ እሷ አስቀድማ ልብሷን ጠቅልላ ነበር። ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ በመኪና ስንጓዝ የተናገረችው ስለ ከብቶቿ ብቻ ነው።

አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው በታችኛው ሆድ በአንድ በኩል ነው፤ ወደ እግር ከሚወርዱት የደም ሥሮች ጋር ይያያዛል። የደከሙት ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በቦታቸው ይተዋሉ። ስለዚህ እኔ አሁን ሦስት ኩላሊት አለኝ፤ ሠራተኛው አንዱ ነው። እህቴ አንድ ቀርቷታል። የቀራት ኩላሊት ሥራውን ጨምሮ ሁለቱ ይሠሩት ከነበረው ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ይሸፍናል፤ ለአንድ ሰው ይበቃል።

እነሆ ለሰፈራችን እናት የምሰጠው መልስ። የሴት ኩላሊት የሚያወፍር ቢሆን ኖሮ አንዱ አሁንም እህቴ ሆድ ውስጥ አለ፤ እሷ ግን አልወፈረችም። ቁስሏ ከዳነ በኋላ ወደ ማሳዋ ተመለሰች፤ ክንዷ አሁንም ከእኔ ክንድ ይጠነክራል። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ የምንካፈለውም ኩላሊት የአንድ ሰው ነው። በመካከላችን ያለው ልዩነት እኔ በየጠዋቱ የምውጠው ኪኒን ነው።

ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለ፤ ፕሬድኒሶሎን የእሱ ዓይነት ሥራ ያለው መድኃኒት ነው። ሰውነቴ የእህቴን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው ያባብለዋል። ነገር ግን ሲያባብል ሌሎች ትእዛዞችም ይሰጣል። የጡንቻን ፕሮቲን አፍርስ፣ ከእሱም ጉበት ስኳር ይሥራበት ይላል። አዲስ ጡንቻ አትገንባ ይላል። ስብን ደግሞ ወደ ሆድ፣ ወደ ፊትና ወደ ማጅራት ይሰበስበዋል። ከጡንቻዎች ሁሉ ቀድመው የሚጎዱት ወደ ግንዱ የቀረቡት ትላልቆቹ ናቸው፦ ጭንና ትከሻ። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በፈረንጆች 1912 የገለጸው በሽታ ይህንኑ መልክ የያዘ ነው፤ ክብ ፊት፣ ትልቅ ሆድ፣ ቀጫጭን እጅና እግር። የእሱ ሕሙማን ሆርሞኑን የሚያመርተው ገላቸው ራሱ ነበር፤ እኔ የምገዛው ከፋርማሲ ነው።

ያለዚህ መድኃኒት የተተከለ ኩላሊትም አለ። በፈረንጆች 1954 ቦስተን ውስጥ ዶክተር ጆሴፍ ሙሬይ የመጀመሪያውን የተሳካ ንቅለ ተከላ ያደረገው ፍጹም ከሚመሳሰል መንታ ወደ መንታ ወንድሙ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ዘር ስላላቸው ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደራሱ ቆጠረው፤ ማባበያ አላስፈለገውም። ይህን ለእህቴ ስነግራት «መንታ አድርጎ ያልወለደን አላህ ነው፣ እኔ ምን ላድርግህ» አለችኝ።

የኪኒኑ መጠን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍተኛ ነው፤ በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ብዙውን ጊዜ በቀን ወደ 5 ሚሊግራም ይወርዳል። ጉዳቱ የሚከማቸውም በዚያ በከፍተኛው ዘመን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ5 እስከ 10 ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው፤ የሚጨምረውም በአብዛኛው ስብ ነው። ጡንቻው ይመለሳል፣ ግን በዝግታና ብዙ ጊዜም ሙሉ ሳይሆን። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ተወው» ይሉኛል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ማባበያውን በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው ኩላሊቱን ያጣል። መቀነስም ሆነ መተው የሐኪሙ ሥልጣን ነው፤ ከዚህ የተረፈው ግን የእኔ ነው።

ስለ ረኃቡ ልናገር። ረኃብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ረመዳንን ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜአለሁ። የፕሬድኒሶሎን ረኃብ ግን ሌላ ነው፤ እራት በልቶ የተኛን ሰው በእኩለ ሌሊት ይቀሰቅሳል። በባዶ እግሬ ወደ ማድ ቤት እሄዳለሁ። መብራት አላበራም። የመሶቡ ክዳን ሲነሣ ድምፅ እንዳያሰማ ሁለት እጄን እጠቀማለሁ፣ ከዳቦው አንድ ጥግ እቆርሳለሁ፣ ከዚያ ሌላውን ጥግ፣ ቆሎው ያለበትን ጣሳም አልምርም፤ ቆሎ ደግሞ በጸጥታ አይታኘክም። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ለልጆቹ «ቤታችን የሚገባው ሌባ ደግ ነው፣ ቴሌቪዥኑን ትቶ መሶቡን ብቻ ይፈትሻል» ስትል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የተቀቀለ እንቁላልና የተላጠ ካሮት በሳህን ሸፍና ታስቀምጥልኝ ጀመር። ሌባው እሱንም አልናቀም።

ጥፋቱን ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። በእጥበት ዘመን ፖታሲየም እንዳይበዛብኝ ሙዝ፣ ድንችና ቲማቲም ተከልክዬ ነበር፤ ውሃ እንኳ በብርጭቆ ይለካልኝ ነበር። ኩላሊቱ ሲሠራ ክልከላው ላላ፤ አፌም ተስተካከለ። ከመርሳ የመጣ ብርቱካን ልጬ የበላሁበት ከሰዓት በኋላ አይረሳኝም። ወሎ ደግሞ ለእንደዚህ ያለ ሰው ክፉ አገር ነው። ቡናው አቦል ብሎ ተነሥቶ በረካ ላይ እስኪደርስ የቡና ቁርሱ ሁለት ጊዜ ይታደሳል። «አልፈልግም» የሚል እንግዳ ያኮረፈ ነው የሚመስለው። ማሩ ከእህቴ ይመጣል፣ ቅቤው ከአክስቴ፤ ሁሉም የሚሰጡኝ የዳንሁ ስለመሰላቸው፣ ደግሞም እንድድን ነው። ታክሮሊመስ የሚባለው ሌላው ማባበያዬም፣ ፕሬድኒሶሎኑም ስኳር በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ የሚጨመር ቦርጭ እሳቱን ማራገብ ነው። በነገራችን ላይ ታክሮሊመስ ጣት ያንቀጠቅጣል። ገንዘብ ስቆጥር ደንበኞች የምሳሳት እየመሰላቸው አብረውኝ ይቆጥራሉ።

በማር ጉዳይ ከእህቴ ጋር ስምምነት ላይ አልደረስንም። በጥሬ ሥጋና ባልፈላ ወተት ጉዳይ ግን ድርድር የለም፤ የሰውነት መከላከያዬ የተዳከመ ስለሆነ ከእነዚህ የሚመጣ ኢንፌክሽን ሊገድለኝ ይችላል። ጾሙንም ትቻለሁ። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ የሚዋጥ ነው፤ ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ያለው ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የመስጊዳችን ሸህ በማይድን በሽታ ያለ ሰው ፊድያ፣ ማለትም በጾሙ ምትክ ድሃ የሚበላበትን፣ እንዲከፍል የተደነገገ መሆኑን አስረድተውኝ አእምሮዬ ዐርፏል። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ደግሞ በሁዳዴ የሚያመጡልኝ ምስርና ሽሮ ከማንም ሐኪም ምክር ጋር የሚስማማ ነው። የተረጋጋ ንቅለ ተከላ ያለው ሰው በቀን በኪሎ ከ0.8 እስከ 1 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ56 እስከ 70 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይሰጣል፣ አንድ ትልቅ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 18። ይህን ለመሙላት በግ ማረድ አያስፈልግም። ከሚበቃው በላይ መብላትም ጡንቻ አይሆንም፤ ጡንቻ ሥራ ካልተሰጠው የበላነው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ቦታውንም ልብስ ሰፊዬ ያውቀዋል።

የጭን መድከም በሐኪም ቤት ወንበር ላይ አይታወቅም። የሚታወቀው በርጩማ ላይ ነው። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ሁሉም ብድግ ይላል፤ እኔ ግድግዳ እፈልጋለሁ። የሽንት ቤት ቁጢጥታውን አልናገርም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ከሁሉም የከበደኝ ሶላት ነው። ከሱጁድ፣ ግንባር መሬት ከሚነካበት ስግደት፣ ስነሣ ሁለት መዳፌን መሬት ላይ ተክዬ፣ ከዚያ ጉልበቴን ይዤ፣ ከዚያ የጎኔን ሰው ትከሻ እየፈለግሁ ነበር። ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ ይፈቀዳል፤ ወንበር አቅርበውልኝም ነበር። ወንበሩን አልወደድሁትም። ይህ ኩራት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ለአንዳንድ ነገር ኩራትም ይጠቅማል።

ለሐኪሜ ስነግረው ኪሎዬን አልጠየቀኝም። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበር አምስት ጊዜ እንድነሣና እንድቀመጥ አዘዘኝና ሰዓቱን ያዘ። ሦስተኛው ላይ እጆቼ ሳላዛቸው ተፈቱ። «መራመድ ጥሩ ነው፤ ለልብዎም ለቦርጭዎም ይበጃል» አለኝ። «ጭንዎ ግን ጭነት ይፈልጋል።» ደሴ ላይ የሚኖር ሰው በእርግጥ መራመድ አይጎድለውም፤ ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋ ዳገት ያልሆነ መንገድ የላትም። ቢሆንም ልክ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት ክልክል ነው፣ ቁስሉ እንዳይተረተር። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን እንደ ዕንቁላል መቀመጥ አያስፈልግም።

የእኔ ጂምናዚየም ወጪው ትንሽ ነው። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ በመጀመሪያ በእጅ፣ በኋላ ያለ እጅ፤ በደጃፋችን ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ፤ ሲበረታ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በየእጄ። በየሁለት ቀኑ ነው፣ በየቀኑ አይደለም፤ ጡንቻ የሚገነባው በዕረፍቱ ነውና። ፕሬድኒሶሎን አጥንትንና ጅማትንም ስለሚያሳሳ ዘልሎ ወደ ከባዱ መግባት አይገባም። ኳስ ከልጆች ጋር አልጫወትም፤ ኩላሊቷ ያለችው የጎድን አጥንት በማይከልለው በታችኛው ሆድ ስለሆነ አንድ ክርን ይበቃታል። እህቴ ጋር ስሄድ አውድማ አልገባም፤ ከገለባው የሚነሣው አቧራ የሻጋታ ዘር ስላለው ለእኔ ዓይነት ሳንባ አደጋ ነው። ይልቅ አብሬያት ገበያ እሄዳለሁ። ከፊት እሷ ትሄዳለች፣ የያዘችውን አልነጥቃትም፤ ሞክሬ ስቃብኛለች።

ወገቤ ብዙም አልቀነሰም። ከሱጁድ ግን አሁን በአንድ እጅ እነሣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያለ እጅም።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ ዓረፋ መጣ። በንቅለ ተከላ ዓለም ሁሉም ሰው በቃሉ የሚይዘው አንድ ቁጥር አለ፤ ክሬቲኒን። ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ «ስንት ነህ?» ነው የምንባባለው፤ የእኔ 1.2 ላይ ተረጋግቶ ነበር። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ ኩላሊት ያስወግደዋል። ከደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊቱ ደክሟል ብለን እንደነግጣለን። ብዙዎቻችን የምንረሳው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፦ ጡንቻው የከሳ ሰው የሚያመርተውም ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ ያማረ መስሎ ሊያታልል ይችላል። በአልጋ ላይ የከሳ ሰው 0.9 እና የሸክም ሠራተኛ 1.3 አንድ ዓይነት ኩላሊት ሊኖራቸው ይችላል። ከጡንቻ ጋር ብዙ የማይያያዝ ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱም በበኩሉ በፕሬድኒሶሎንና በስብ ይዛባል። ንጹሕ ምስክር የለም።

እህቴ በጉን ከሐይቅ ይዛ መጥታ ዓረፋን እኛ ዘንድ አሳለፈች። በደንብ የበሰለ ነው፤ በዚያ የሚወቅሰኝ የለም። ማታ ቅቅል፣ በማግሥቱ ጠዋት የተረፈው ጥብስ ቁርስ ሆነ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ደም ምርመራ ሄድሁ። ውጤቱን ደሴ አሠርቼ አዲስ አበባ ላለው ሐኪሜ በስልክ እልካለሁ። ወረቀቱ ላይ 1.5 ይላል።

ያንን ቁጥር ያየ ሰው ብቻ የሚያውቀው ብርድ አለ። ወደ ቤት ስገባ እህቴ ፊቴን አይታ ሳልነግራት ገባት፤ እጇን ጎኗ ላይ፣ ጠባሳዋ ያለበት ላይ አደረገች። ስልኩ እስኪነሣ ሁለታችንም አልተቀመጥንም። ሐኪሙ በየተራ ጠየቀኝ። ትኩሳት አለ? የለም። ሽንት ቀንሷል? አልቀነሰም። ኩላሊቱ ያለበት ቦታ ያምማል? አያምምም። ተቅማጥ? የለም። ያለፈ ኪኒን? የለም። አዲስ መድኃኒት፣ ዳማከሴ፣ ጤናዳም፣ ሌላ የአገር መድኃኒት? የለም። ትንሽ ዝም አለና «ትናንት ዓረፋ ነበር አይደል? ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?» አለኝ።

ሥጋ ሲበስል በውስጡ ያለው ክሬቲን የተወሰነው ወደ ክሬቲኒን ይለወጣል፤ ብዙ የበሰለ ሥጋ የበላ ሰው ደሙ ለሰዓታት የበጉንም ክሬቲኒን ይዞ ይዞራል። ያም ሆኖ «ሥጋው ነው» ብሎ አልተወኝም፤ የታክሮሊመስ መጠኑም እንዲለካ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ያለ ሥጋ ምርመራው እንዲደገም አዘዘ። ተደገመ፤ 1.2። የታክሮሊመሱም መጠን በቦታው ነበር። ወደፊት ጡንቻዬ በእርግጥ ከጨመረ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ሊረጋ እንደሚችልም ነገረኝ፤ ያኔ መጨነቅ እንዳይኖር ከአሁኑ መዝገቤ ላይ ጽፎታል።

ለእህቴ ደውዬ ከምርመራ በፊት ባለው ቀን ሥጋ እንደተከለከልሁ ነገርኋት። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እንደገና ከበዓል ማግሥት ነበር።

«አስቀይረው» አለችኝ። «በዓል ለላብራቶሪ ብሎ አይዛወርም።»

አስቀይሬዋለሁ። ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት ሆኗል።